ክሪስታ፦ ከአውራ ዶሮ አናት እስከ ሞገድ ጫፍ

(የቃላት ጥናት)

እንደሚታወቀው የሳይንስ ትምህርት ለብዙ ተማሪዎች የሚከብደው በሐሳቡ ጥልቀት ብቻ ሳይሆን በቃላቱ እንግዳነትም ጭምር ነው። ተማሪው በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ አንድ እንግዳ ቃል ይሰማል፤ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ሌላ ይሰማል፤ በጂኦግራፊ ደግሞ ሦስተኛውን ይጨምራል። ሦስቱም የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን የሚነግረው ከሌለ ሦስቱንም ለየብቻ ይሸመድዳል። ከፈተና በኋላ ደግሞ ሦስቱንም ለየብቻ ይረሳል።

ነገ ወደ ክፍል የምንገባው እኛ ነን። ስለዚህ አንድ ቃል ስንት በር እንደሚከፍት አስቀድመን ብናውቅ ለራሳችንም ለተማሪዎቻችንም ይጠቅማል። በዛሬው ጽሑፍ የምንመለከታት «ክሪስታ» የምትባል የላቲን ቃል ናት። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ «ክረስት» ሆና ትመጣለች።

«ላቲን እኮ የሞተ ቋንቋ ነው፤ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ ዛሬ ላቲን የሚነገርበት መንደር የለም። ነገር ግን ግዕዝን እንመልከት። ግዕዝም ዛሬ የማንም ሰው የቤት ቋንቋ አይደለም። ሆኖም «ሥነ ሕይወት»፣ «ሥነ ፈለክ»፣ «ርእሰ መምህር» ስንል ከግዕዝ ጎተራ እየቀዳን ነው። የአውሮፓ ሊቃውንትም ለእንስሳው፣ ለአጥንቱና ለእጽዋቱ ስም ሲያወጡ ከላቲንና ከግሪክ ጎተራ ይቀዳሉ። ጎተራውን ያወቀ ሰው እህሉን ለመለየት አይቸገርም።

ሀ. የቃሉ መሠረታዊ ትርጉም

በጥንታውያን ሮማውያን አነጋገር «ክሪስታ» ማለት በመጀመሪያ በእንስሳ አናት ላይ ቆሞ የሚታይ ነገር ነው። በአውራ ዶሮ ራስ ላይ የምናየው ቀይና መጋዝ መሳይ ሥጋ ክሪስታ ይባላል። በአንዳንድ ወፎች አናት ላይ የሚቆመው የላባ ጉትያም ያው ክሪስታ ነው። ላቲን ሥጋውንና ላባውን በአንድ ስም ሲጠራ የእኛ ገበሬ ግን ይለያል። የሀበሻ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች በአናቷ ላይ የላባ ጉንጉን ያላትን ዶሮ «ጉትያ» ሲሏት፣ ራሷ ልሙጥ የሆነውን ደግሞ «እባብ ራስ» ይሏታል።

ሁለተኛው ትርጉም ከወታደር ቤት የመጣ ነው። የሮማ ወታደሮች በብረት ቁራቸው አናት ላይ ከላባ ወይም ከፈረስ ጭራ የተሠራ ጌጥ ይተክሉ ነበር። እሱንም ክሪስታ አሉት። የመቶ አለቃው ጌጥ ከግንባር ወደ ማጅራት መሆኑ ቀርቶ ከጆሮ እስከ ጆሮ በአግድም የተተከለ ነበር። ለምን ቢሉ፣ በጦርነት ግርግር መካከል ወታደሩ አለቃው የት እንዳለ ከሩቅ እንዲለይ ነው። በአገራችንም የጥንት ጀግኖች የአንበሳ ጎፈር በራሳቸው ላይ ያደርጉ እንደነበር ከሥዕሎችና ከፎቶግራፎች እናያለን። ቁመትን ያስረዝማል፣ ጠላትን ያስፈራል፣ ማዕረግን ያሳያል። አውራ ዶሮም ቢሆን ያንን ቀይ ሥጋ ተሸክሞ የሚንጎራደደው ከዚህ ብዙም በማይርቅ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ትርጉም ከዚሁ የተወለደ ነው። አንድ ሰው ከልኩ በላይ ሲኮራ ሮማውያን «ክሪስታው ተነሣ» ይሉ ነበር። ሥዕሉ ከዶሮ ጠብ የተወሰደ ይመስላል።

ስለ ሰዋስው ጥቂት እንጨምር። «ክሪስታ» የሴት ጾታ ያለው ስም ነው። ብዙ ቁጥሩ «ክሪስቴ» ይሆናል። «ባለ ጉትያ» ለማለት ሲፈለግ ቅጽሉ ለወንድ «ክሪስታቱስ»፣ ለሴት «ክሪስታታ» ይሆናል። እንግዲህ በማንኛውም የእንስሳ ወይም የእጽዋት ሳይንሳዊ ስም ውስጥ ከእነዚህ ሁለት ቃላት አንዱን ካያችሁ፣ ፍጥረቱን ባታዩትም እንኳ በላዩ ላይ የቆመ ነገር እንዳለው ታውቃላችሁ ማለት ነው።

ለ. የእኛው «ቁንጮ»

ወደ ሳይንሱ ከመግባታችን በፊት አንድ የቤታችን ቃል እናንሣ። «ቁንጮ» ማለት በመጀመሪያ የልጅ ራስ ተላጭቶ በአናቱ ላይ የሚተው ጸጉር ነው። የትናንት አባቶቻችን ብዙዎቹ በልጅነታቸው ቁንጮ ነበራቸው፤ ሴቶቹ ደግሞ ጋሜ። ይህ ቃል በጸጉር ላይ ብቻ ቆሞ አልቀረም። ከልጅ አናት ተነሥቶ ወደ ተራራ ወጣና «የተራራው ቁንጮ» ተባለ። ከተራራም ወደ ቤተ መንግሥት ገባና «የሥልጣን ቁንጮ» ተባለ። በመጨረሻም ወደ እርሻ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣውን ምርጥ የጤፍ ዘር ተመራማሪዎቹ «ቁንጮ» ብለው ሰየሙት። ከሌላው የበለጠ ነው ለማለት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም፤ ገበሬውም ወዲያው ገባው።

እንግዲህ ልብ እንበል። ቁንጮ የሄደችበት መንገድና ክሪስታ የሄደችበት መንገድ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከአናት ተነሥተው ወደ ከፍታ፣ ከከፍታ ወደ ማዕረግ ሄደዋል። የሮማ ሰውና የሀበሻ ሰው ተመካክረው አይደለም። የሰው ልጅ ሩቁን ነገር የሚሰይመው ሁልጊዜ ከቅርቡ፣ ይልቁንም ከራሱ አካል ተነሥቶ ስለሆነ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ይኸው ነው። እንግዳ የመሰለን የሳይንስ ቃል ብዙ ጊዜ በውስጡ የታወቀ ሥዕል አለው። መምህሩ ሥዕሉን ካሳየ ቃሉ እንግዳነቱን ይተዋል።

ሐ. በአሞራ ገደል ወፎችና በሌሎች ፍጥረታት

በከተማችን ለዚህ ትምህርት ከአሞራ ገደል የተሻለ የትምህርት መርጃ መሣሪያ አይገኝም። ጠዋት ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ ቆሮሶው፣ አምባዛውና ቢልጫው ሲራገፍ፣ ዓሣው ተበልቶ የሚጣለውን የሚጠብቀው የወፍ ዓይነት ብዙ ነው።

ሁሉም ሰው የሚያውቀው አባ ኮዳ ነው። አባ ኮዳ አናቱ መላጣ ነው፤ ክሪስታ የለውም። ታዲያ ለምን አነሣነው? ስሙ ትምህርት ስለሚሰጥ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ «ሌፕቶፕቲሎስ ክሩሜኒፈር» ሲሆን ሁለተኛው ቃል «ቦርሳ ተሸካሚ» ማለት ነው። ከአንገቱ በታች የተንጠለጠለውን ከረጢት አይቶ የአውሮፓው ሊቅ ቦርሳ አለው፤ የእኛ ሰው ያንኑ ከረጢት አይቶ የውሃ ኮዳ አለው። ሁለቱም በትክክል አይተዋል። አንደኛው «ሳይንስ» ሌላኛው «የመንደር ወሬ» የሚባልበት ምክንያት የለም፤ ሁለቱም ከማየት የተወለዱ ስሞች ናቸው።

አሁን ዓይናችንን ከአባ ኮዳ ወደ ቄጠማው እናዙር። በቄጠማው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ውሃውን የምትመለከት፣ ጀርባዋ የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ፣ ሆዷ የዛገ ብረት የሚመስል፣ መንቁሯ ቀይ የሆነች ትንሽ ዓሣ አዳኝ ወፍ አለች። ስትቆጣ ወይም ስትደነግጥ በአናቷ ላይ ያሉት ባለ ዥንጉርጉር ላባዎች ይነሣሉ። ጀርመናዊው ሊቅ ፓላስ እ.ኤ.አ. በ1764 ሲሰይማት «አልሴዶ ክሪስታታ» አላት። በኋላ ተመራማሪዎች ወገኗን ለይተው ወደ «ኮሪቶርኒስ» አዛወሯት። «ኮሪቶርኒስ» የግሪክ ቃል ሲሆን «የራስ ቁር ያላት ወፍ» እንደማለት ነው። ይህ ስም በላቲን ሰዋስው የወንድ ስለሆነ ቅጽሉም ተቀይሮ «ኮሪቶርኒስ ክሪስታቱስ» ተባለ። ወፏ ያው ናት፤ የተለወጠው ሰዋስዉ ነው። ሳይንሳዊ ስም በዘፈቀደ የሚጻፍ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ቋንቋ ሕግ ያለው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በውሃው ላይ ደግሞ ዳክዬ መሳይ፣ መላ ሰውነቱ ጥቁር፣ መንቁሩና ግንባሩ ነጭ የሆነ ወፍ ሲዋኝ ይታያል። በመራቢያው ወቅት ከነጩ ግንባሩ በላይ ሁለት ትንንሽ ቀይ እብጠቶች ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1789 «ፉሊካ ክሪስታታ» የተባለው በእነዚህ እብጠቶች ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ክሪስታ ላባ አይደለም፤ እንደ ዶሮው ሥጋ ነው።

ከሐይቁ ዳር ወጥተን ወደ እርሻው እንሂድ። ድንችና በቆሎ እየቆፈረ ገበሬውን የሚያማርረው ጃርት ስሙ «ሂስትሪክስ ክሪስታታ» ነው። ይህን ስም የሰጠው የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔየስ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1758 ነው። ክሪስታው ከራሱ እስከ ማጅራቱ የተተከለው ረጅም ጠንካራ ጸጉር ነው። ሲቆጣ ቀጥ ያደርገዋል፤ እሾሁንም ያንኮሻኩሻል። በዚሁ አጋጣሚ «ጃርት እሾሁን እንደ ቀስት ይወረውራል» የሚባለው እውነት አለመሆኑን እንግለጽ። እሾሁ በቀላሉ ስለሚነቀል በሚነካው እንስሳ ላይ ተሰክቶ ይቀራል እንጂ አይወረወርም። ያው ሊኔየስ በዚያው ዓመት የሕንዱን ጣኦስ ወፍ «ፓቮ ክሪስታቱስ» ብሎታል። በአትክልት ቦታ የሚተከለውና የዶሮ አናት የሚመስለው ቀይ አበባም በስሙ ውስጥ «ክሪስታታ» አለበት።

የግሪክ ቋንቋም የራሱ ቃል አለው፤ «ሎፎስ» ይለዋል። በአገራችን የሚገኘውና በአናቱ ላይ ረጅም ጉትያ ያለው ንስር «ሎፌቱስ» የሚባለው ከዚህ ነው። የሚገርመው ግን «ሎፎስ» በግሪክኛ ጉትያ ብቻ ሳይሆን ኮረብታም ማለት መሆኑ ነው። ላቲን፣ አማርኛ፣ ግሪክ፤ ሦስቱም ከአናት ወደ ተራራ ሄዱ ማለት ነው።

መ. በሰው አካል ውስጥ

የአናቶሚ ሊቃውንት ከአጥንት ላይ ወጣ ብሎ የሚታይን ጠርዝ ሁሉ ክሪስታ ብለው ሰይመዋል። ይህን ለማስተማር የተቀረጸ ሥዕል መግዛት አያስፈልግም፤ ተማሪው ራሱ መርጃ መሣሪያ ነው።

1ኛ. «እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጉ» እንበላቸው። አውራ ጣታቸው የሚያርፍበት ጠንካራ ጠርዝ የዳሌ አጥንት ክሪስታ ነው። ቀበቶ የሚይዘውም እሱ ነው፤ እናት ልጇን በጎኗ ስታዝልም ልጁ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። ሐኪሞች የአጥንት መቅኔ ለምርመራ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ የሚወስዱት ከዚሁ ጠርዝ ነው።

2ኛ. «ቅልጥማችሁን በጣታችሁ ከላይ ወደ ታች ዳብሱ» እንበላቸው። ኳስ ስንጫወት ሲመታ ዓይን የሚያጠፋው ያ ስለታም ጠርዝም ክሪስታ ይባላል። የሚያመውም አጥንቱ ከቆዳው በታች ወዲያው ስለሚገኝ ነው፤ የሚከላከልለት ሥጋ የለውም።

3ኛ. ከአፍንጫ ጀርባ፣ በራስ ቅል ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ የአጥንት ጉብታ አለች። ስሟ «ክሪስታ ጋሊ» ነው፤ ትርጉሙም «የአውራ ዶሮ ጉትያ» ማለት ነው። የአንጎልን ሁለት ክፍሎች የሚለየው መጋረጃ የሚያያዘው በእሷ ላይ ነው። ዶሮው እስከ አንጎላችን ድረስ ገብቷል ማለት እንችላለን።

4ኛ. በውስጠኛው ጆሮ በሚገኙት ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች ውስጥ ክሪስታ የሚባሉ ጉብታዎች አሉ። የራስን መዞር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ልጆች በሜዳ ላይ ተሽከርክረው ሲቆሙ መሬቱ የሚዞር የሚመስላቸው በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወዲያው ስለማይቆምና ጉብታዎቹን ስለሚያታልላቸው ነው።

5ኛ. በመጨረሻ «የአውራ ጣታችሁን ጫፍ ተመልከቱ» እንበላቸው። በቆዳው ላይ የሚታዩት ጥቃቅን መስመሮች በላቲን «የቆዳ ክሪስቴ» ይባላሉ። የሁለት ሰዎች አሻራ አንድ አይሆንም። ማንበብና መጻፍ ያልቻሉ ብዙ ወገኖቻችን ፊርማቸው ይህ አሻራ ነበር። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲዳምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ ብዙዎችን ከአሻራ ወደ ብዕር ፊርማ አሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በ1980ም በዩኔስኮ በኩል የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። ለመምህርነት ለምንዘጋጅ ሰዎች ይህ ታሪክ መዘንጋት የለበትም።

ሠ. በሕዋስ ውስጥ

በባዮሎጂ ትምህርት ተማሪውን ከሚያስጨንቁት ቃላት አንዱ የማይቶኮንድሪያ «ክሪስቴ» ነው። ማይቶኮንድሪያ በሕዋስ ውስጥ ምግብ ወደ ጉልበት የሚለወጥበት ክፍል መሆኑን እናውቃለን። ሁለት ሽፋን አለው። የውጭው ልሙጥ ነው፤ የውስጠኛው ግን ወደ ውስጥ ብዙ ጊዜ ታጥፏል። በሩማንያ የተወለደው ሳይንቲስት ጆርጅ ፓላድ እ.ኤ.አ. በ1952 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያየውን ሲጽፍ እነዚህን እጥፋቶች «ክሪስቴ» ብሎ ሰየማቸው። በ1974 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

እጥፋቱ ለምን አስፈለገ? የጉልበቱ ሥራ የሚሠራው በሽፋኑ ላይ ስለሆነ ነው። ሽፋኑ ሰፊ በሆነ መጠን ሥራው ይበዛል፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ማጠፍ ነው። ይህን ለማስረዳት አንድ ነጠላና አንድ ትንሽ የካርቶን ሳጥን ይበቃናል። ነጠላው ተዘርግቶ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም፤ ታጥፎ ሲገባ ግን ስፋቱ ሳይቀነስ በጠባብ ቦታ ይቀመጣል። ሳያቋርጥ የሚመታው የልባችን ጡንቻ፣ እንዲሁም ክንፋቸውን በፍጥነት የሚያርገበግቡ ፍጥረታት የበረራ ጡንቻ፣ ክሪስቴያቸው የበዛ ማይቶኮንድሪያ አላቸው። ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ብዙ እጥፋት ይፈልጋልና።

ረ. በሞገድ፣ በተራራና በግድብ

በፊዚክስ ሞገድ ከፍ ያለበት ቦታ «ክረስት» ይባላል፤ ዝቅ ያለበት ስርጉድ ደግሞ «ትረፍ»። ከአንዱ ክረስት እስከ ቀጣዩ ክረስት ያለው ርቀት የሞገድ ርዝመት ነው።

በማስተማር ልምምድ ወቅት በአንድ ት/ቤት ያየሁትን እዚህ ላይ ላንሣ። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይህን ትርጉም አንድም ቃል ሳይስት በእንግሊዝኛ ወረደው። ቤታቸው ከሐይቁ አጠገብ መሆኑን ስለማውቅ «ሐይቁ ላይስ አይተኸው ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አይ፣ ሐይቁ ላይ የለም፤ መጽሐፉ ላይ ነው ያለው» አለኝ። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ነፋስ ሲነሣ ጀልባ በሞገዱ ጉብታ ላይ ስትወጣና በስርጉዱ ውስጥ ስትወርድ በየቀኑ የሚያይ፣ ማዕበል ሲመጣ ጀልባ በጎን በኩል መመታት እንደሌለባት የሚያውቅ ልጅ ነው። የጎደለው እውቀት አይደለም። እውቀቱንና ቃሉን የሚያገናኝለት ሰው ነው የጎደለው። ያ ሰው መምህሩ ነው። መምህሩ ካላገናኘለት ልጁ ሁለት ዓለም ይዞ ያድጋል፤ አንዱ የሚኖርበት፣ ሌላው የሚፈተንበት። ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ የሚቀሩትም የሚፈተኑበት ዓለም የራሳቸው መስሎ ሳይታያቸው ነው።

እግረ መንገዳችንን አንድ የሚሳት ነገር እናስተካክል። ሞገድ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ ውሃው ራሱ ከመሃል ተነሥቶ የሚመጣ ይመስለናል። በእርግጥ የሚጓዘው ኃይሉ ነው፤ ውሃው በአብዛኛው እዚያው ይወጣል፣ ይወርዳል። በውሃው ላይ የተጣለ የቡሽ ክዳን በክረስቱ ላይ ሲወጣ፣ በስርጉዱ ሲወርድ፣ ከቦታው ግን ብዙም ሳይርቅ ማየት ይቻላል።

በጂኦግራፊ «ክረስት» የተራራ ወይም የሸንተረር አናት ነው። ፈረንሳዮች «ክሬት»፣ ጣሊያኖችና ስፔኖች «ክሬስታ» ይሉታል፤ ሁሉም የክሪስታ ልጆች ናቸው። የሸንተረር አናት ጥቅሙ ለዓይን ውበት ብቻ አይደለም፤ ዝናቡን የሚያካፍለው እሱ ነው። በዚህኛው ጎን የወረደ ጠብታ ወደ አንድ ተፋሰስ፣ በዚያኛው ጎን የወረደው ወደ ሌላ ይሄዳል። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ስለዚህ በዙሪያችን ካሉት ሸንተረሮች ወደ እኛ በኩል የወረደ ውሃ፣ የተሸከመውን አፈርና ቆሻሻ ይዞ፣ መጨረሻው ይኸው ሐይቅ ነው። «ክረስት» የሚለውን ቃል በሚገባ የተማረ ልጅ ተራራው ሲራቆት ሐይቁ ለምን እንደሚደፈርስም ይገባዋል።

መሐንዲሶችም የግድብን አናት በዚሁ ቃል ይጠሩታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ዋናው ግንብ በአናቱ ላይ 1,780 ሜትር ያህል ይረዝማል። መሐንዲሱ የዚያን ግድብ «ክረስት» ሲል የሮማው ገበሬ ለዶሮው የሰጠውን ስም እየጠራ ነው።

ሰ. በእንግሊዝኛ ንባብና ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር

በእንግሊዝኛ ንባብ ውስጥ «ክረስትፎለን» የሚል ቃል ያጋጥመናል፤ በጥሬው «ክሪስታው የወደቀ» ማለት ነው። በጠብ የተሸነፈ አውራ ዶሮን በዓይነ ኅሊናችን እንሣል። በአማርኛ «ኩም አለ» ወይም «አንገቱን ደፋ» ስንል ያንኑ ማለታችን ነው። የአንድ ት/ቤት ወይም ቡድን ዓርማም «ክረስት» ሲባል እንሰማለን። በጥብቅ አነጋገር ግን ክረስት የሚባለው በጋሻው ሥዕል ላይ ካለው የራስ ቁር በላይ የሚቀመጠው ምስል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ቃላት ዘመድ አይሆኑም። «ክርስቶስ» የሚለው ስም ከክሪስታ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጉሙም «የተቀባ» ማለት ነው፤ «መሲሕ» ከሚለው ጋር አንድ ነው። «ክሪስታል»ም ዘመዷ አይደለም፤ በረዶ ማለት ከሆነ የግሪክ ቃል የመጣ ነው። የቃል ዝምድና የሚታወቀው በታሪኩና በትርጉሙ እንጂ በጆሮ ብቻ አይደለም። አንድ መምህር በጆሮ ተመርቶ ያልሆነ ዝምድና ቢያስተምር ስሕተቱ በአርባና በሃምሳ ደብተር ላይ ይባዛል።

ሸ. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

«በአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ላቲን ላስተምር ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ላቲን አናስተምርም፤ ሥዕሉን እናስተምራለን የሚል ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። አካሄዱ እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ነው።

አንደኛ፣ ማሳየት። አውራ ዶሮ የማያውቅ ልጅ የለም። በጥቁር ሰሌዳው ላይ የዶሮውን ራስ በጠመኔ መሣል ነው፤ ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም።

ሁለተኛ፣ በልጁ ቋንቋ ማሰየም። «ይህን በቤታችሁ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በከተማችን ክፍሎች ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሌላም ይመጣል። ሁሉም በሰሌዳው ላይ ይጻፍ። የማንም ልጅ ቃል ከሰሌዳው እንዳይቀር።

ሦስተኛ፣ የእንግዳውን ቃል ከጎኑ መጻፍ። ያን ጊዜ «ክረስት» ዘመዶቹ መካከል የተቀመጠ እንግዳ ይሆናል።

አራተኛ፣ ማስፋት። በዶሮው አናት ላይ ያለውን የመጋዝ ጥርስ መስመር ወደ ጎን ብናስረዝመው ሞገድ ይሆናል፤ ብናተልቀው ሸንተረር ይሆናል፤ በሞላላ ክብ ውስጥ ብናስገባው ማይቶኮንድሪያ ይሆናል። በአንድ መስመር ሦስት የትምህርት ዓይነቶች ተገናኙ ማለት ነው።

መልመጃ

1. በአሞራ ገደል ወይም በሰፈራችሁ አናታቸው ላይ ጉትያ ያላቸውን ሦስት ወፎች ፈልጋችሁ ከተመለከታችሁ በኋላ ጉትያቸው መቼ እንደሚነሣ ጻፉ።

2. «ጉትያ» እና «ቁንጮ» በእናት ቋንቋችሁ ምን እንደሚባሉ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ። ቃሉ ለተራራ ወይም ለአለቃም ያገለግላል ወይ?

3. «ፖዲሴፕስ ክሪስታቱስ» የሚባል የውሃ ወፍ አለ። ስሙን ብቻ በመመልከት ስለ ወፉ አናት ምን ለማለት ትችላላችሁ? ቅጽሉ የወንድ ነው የሴት?

4. አንድ ወረቀት ደጋግማችሁ በማጠፍ የማይቶኮንድሪያን የውስጥ ሽፋን ለማሳየት የአምስት ደቂቃ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጁ።

ለማጠቃለል፣ «ክሪስታ» የምትለው ቃል ከሮማ ዶሮ አናት ተነሥታ፣ በወታደር ቁር፣ በጃርት ማጅራት፣ በዳሌ አጥንት፣ በሞገድና በግድብ አልፋ ወደ ክፍላችን ደርሳለች። መንገዷ ረጅም ቢሆንም ሥዕሏ አንድ ነው። በላይ ቆሞ የሚታይ ነገር ናት። የመምህር ሥራ ቃሉን ከነክብደቱ በልጅ ጫንቃ ላይ መጫን አይደለም፤ በውስጡ ያለውን ሥዕል አውጥቶ ልጁ አስቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ጎን ማስቀመጥ ነው። መልመጃውን የሠራችሁ ከዚህ ሰሌዳ ግርጌ እንድትለጥፉ ተጋብዛችኋል። ለዛሬው በዚህ ይብቃን።